«ምን ማለቱ ነው?» ማለት ከተውኩ በኋላ

ልጆቼን ከግጥም ጋር ላስተዋውቅ ብዬ ተነስቼ መጀመሪያ የተሳካልኝ ግጥምን ማስጠላት ነበር። ማታ ማታ ወፈር ካለ መድበል አንዳንድ ግጥም አነብላቸውና መጽሐፉን እንደከደንኩ «ገጣሚው ምን ማለቱ ይመስላችኋል?» እላለሁ። በሦስተኛው ማታ የ9 ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ፈተና ነው እንዴ?» አለችኝ። የ6 ዓመቱ ታናሿ ምንም አላለም፤ ተኝቷል።

ቅር ቢለኝም ጥያቄውን ተውኩት። በምትኩ ስንኙን አነብና የመጨረሻውን ቃል ውጬ ዝም እላለሁ፤ ቤት የሚመታውን ቃል እነሱ ይፈልጉት። ሁለቱ እየተሻሙ ይጮኻሉ። አንዳንዴ ገጣሚው ከጻፈው የተሻለ ቃል ይወረውራሉ (ገጣሚው አይስማ እንጂ)። ትንሹም እንቅልፉን ረሳ።

ቀጥሎ የመጣው ጭብጨባ ነው። የወል ቤት የምንለው ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (በአንድ ጭብጨባ የሚነበብ ድምፅ)፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ። ይህን ላስረዳቸው ብሞክር ኖሮ ተመልሰው ይተኙብኝ ነበር፤ ስለዚህ እያነበብኩ ብቻ አጨበጨብኩ፣ ተከተሉኝ። ልጄ ግን የራሷን ልትጽፍ ስትቀመጥ ፊደል መቁጠር ጀመረች፤ እዚህ ላይ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ይሳሳታሉ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተደግፎ ስለሚነበብ ለብቻው ጭብጨባ አይደርሰውም። «ጣራው ላይ ይሮጣል» ሲጻፍ 9 ፊደል ነው፣ ሲጨበጨብ ግን 6 ብቻ። ጣ፣ ራው፣ ላይ፣ ይ፣ ሮ፣ ጣል።

ሐረጉ የሷው ነው። የጻፈችው መጀመሪያ «ዝናብ ሲመጣ ጣራው ላይ ይሮጣል» የሚል ነበር። አጨበጨበችና ፊቷ ተኮሳተረ። «እዚህ ጋ ያነክሳል» አለች፣ የመጀመሪያውን ሐረግ በጣቷ እየነካች። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማ አጨብጭባ ካበቃች በኋላ «ብ»ን ሰርዛ «ቡ» አደረገችው፦

ዝናቡ ሲመጣ ጣራው ላይ ይሮጣል፣
እኔን ሲያይ ፈርቶ በቦዩ ያመልጣል።

አንዲት ፊደል ለውጣ ስንኙን በእግሩ አቆመችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀለም ምጣኔ ባወራላት ይህን ያህል አይገባትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በግጥም ተጥለቀለቀ፣ አብዛኛው ግን «ይሄዳል፣ ይወስዳል፣ ይወርዳል» ነበር። አማርኛ ግስን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በ«ዳል» እና በ«ጣል» ቤት መምታት ርካሽ ነው። አላረምኳቸውም፤ አንድ ደንብ ብቻ ጨመርኩ፦ ዛሬ ማንም ስንኙን በግስ አይጨርስ። ተነጫነጩ። ግን ግሱን ወደፊት አምጥተው ቃላት ሲያገላብጡ፣ ግጥም ከወሬ የሚለይበትን ነገር በእጃቸው እየዳሰሱት ነበር።

ሰምና ወርቅን፣ ማለትም ላይ ላዩን አንድ ነገር እያለ ውስጡ ሌላ የሚደብቀውን አነጋገር፣ ለትልልቅ ልጆች ላቆየው ብዬ ነበር። ስያሜው ከወርቅ አንጥረኛ የመጣ ነው፤ ሰሙ ቅርጽ ያወጣል፣ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። ለ6 ዓመት ልጅ ይከብዳል ብዬ ገመትኩ፣ ተሳሳትኩ። አንድ ቀን ታላቅየዋ «ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ» ስትል ትንሹ «ውሸት ነው! እርሳስም አልያዝኩም!» ብሎ ተቆጣ። እሷ ስለ ጉንፋኑ፣ እሱ ስለ ስዕል። «ቢላ ሲስልም ሊሆን ይችላል» ስል ሁለቱም አፈጠጡብኝ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። በኋላ ኅብረ ቃል (ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው ቃል) ሲገጥመን «ይሄኛው ሲስል ነው» ይላሉ፤ እኔም ስሙን አልቀየርኩባቸውም።

የሚቆጨኝም አለ። እንግዶች በመጡ ቀን ልጄን «እስቲ የዝናቡን በይላቸው» አልኳት። ቆማ ጀመረች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባት፣ አንዱ እንግዳ ሳቀ። የሳቀው በደግነት ነበር፣ ለሷ ግን ያው ነው። ለሦስት ሳምንት ደብተሩን አልከፈተችም። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ወዲህ ካልፈለጉ ማንም ፊት አያነቡም፣ እኔም አልጠይቅም።

ደብተሩ አሁን የሁለቱም ነው። ትንሹ ገና መጻፍ ስለማይቀናው እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት ያስጻፈኝ ስለ ጫማው ነው፤ ቤት አይመታም፣ ቀለሙም አንዴ 5 አንዴ 8 ነው። እንዳለ ጻፍኩለት። አጨብጭቦ ጨረሰና «እህቴ እንዳታየው፣ ነገ ያነከሰውን አስተካክላለሁ» አለኝ።