መብራት ሲጠፋ የሚበረታ ፓምፕ

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውኃው ይደፈርስ ጀመር። ገንዳው 15 ሜትር በ8 ሜትር ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው፤ 180 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል ማለት ነው። ይህ ውኃ በየ6 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ተጣርቶ እንዲመለስ የተተከለው ፓምፕ ባለ 3 ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ)፣ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ገደማ ይገፋል። ማጣሪያው ባለ 900 ሚሊሜትር የአሸዋ ማጣሪያ ነው። ፓምፑና ማጣሪያው ተመጣጥነው የተገዙ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜም ያለ ችግር ሠርተዋል።

የጥገና ክፍሉ መጀመሪያ ያደረገው ክሎሪን መጨመር ነበር። ነፃ ክሎሪኑ በሊትር 2 ሚሊግራም፣ ፒኤቹም 7.4 ነበር፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ክሎሪን ተዋሲያንን ይገድላል እንጂ ደለል አያነሣም። ኬሚካሉ ልክ ሆኖ ውኃው ከደፈረሰ ጥፋቱ የሚፈለገው በማጣሪያውና በፓምፑ በኩል ነው። ሁለት ባልዲ ክሎሪን ካለቀ በኋላ የፓምፕ ባለሙያ ተጠራ።

ባለሙያው ዓይኑን በቅድሚያ የጣለው ማጣሪያው አናት ላይ ባለው የግፊት ጌጅ ላይ ነው። ጌጅ የሚነበበው ከራሱ የቀድሞ ልክ ጋር ተነጻጽሮ ነው። አሸዋው ታጥቦ ንጹሕ ሲሆን መርፌው 0.9 ባር ላይ እንደሚቆም ማጣሪያው ጎን ላይ በማርከር ተጽፏል። (ይህን የጻፈው ሰው ይመስገን፤ በአብዛኛው ፓምፕ ቤት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይገኝም።) መርፌው ከዚያ ልክ በ0.5 ባር ገደማ ከፍ ካለ አሸዋው ቆሽሾ ባክዋሽ (ውኃ በተቃራኒው ሰድዶ ማጠብ) ይፈልጋል፣ ወይም ውኃውን ወደ ገንዳው በሚመልሰው መስመር ላይ ያለው ሳራቼኒስካ (የቱቦ መዝጊያ) በከፊል ተዘግቷል። ዝቅ ካለ ግን ማጣሪያው በቂ ውኃ እየደረሰው አይደለም፤ ችግሩ ከማጣሪያው በፊት ነው፤ ስኪመሩ (ውኃው ከገንዳው ገጽ የሚሳብበት አፍ)፣ የመሳቢያ ቱቦው፣ ቅጠል የሚይዘው ቅርጫት፣ ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውኃውን የሚወረውረው ባለ ክንፍ ጎማ) ወይም ሞተሩ ላይ ማለት ነው። ባለሙያው ሲደርስ መርፌው 0.4 ላይ ነበር።

ስለዚህ ከመሳቢያው ጀመረ፤ አጀማመሩም ትክክል ነበር። የገንዳው ውኃ የስኪመሩን አፍ እስከ ግማሽ መሸፈን አለበት፤ ከዚያ ከወረደ ስኪመሩ ከውኃው ጋር አየር ይስባል። ውኃው በቂ ነበር። የስኪመሩም የፓምፑም ቅርጫት ሲራገፍ ጥቂት ቅጠል ብቻ ተገኘ። የፓምፑ ክዳን ሲከፈት ደግሞ ኦሪንጉ (አየር እንዳይገባ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) አብጦ ከመቀመጫው ወጣ ወጣ ብሏል፤ ሠራተኞቹ ቫዝሊን ይቀቡት ነበር። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ስለሆነ አንዳንድ የጎማ ዓይነት ያሳብጣል። ለኦሪንግ የሚሆነው የሲሊኮን ግሪስ ነው፤ እሱም በጣት ጫፍ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ኦሪንጉ በአዲስ ተተካ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

በመሳቢያ በኩል የሚገባ አየር አታላይ ነው። ፓምፑ ሲሠራ በመሳቢያ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ የተሰነጠቀው ቦታ ውኃ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ፓምፑ ከገንዳው ውኃ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ውኃው የሚንጠባጠበው ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ፍተሻው ሁለት ጊዜ የሚደረገው ለዚህ ነው። ጠፍቶ ሳለ በየመገጣጠሚያው እርጥበት ይፈለጋል። እየሠራ ሳለ ደግሞ በክዳኑ ዙሪያ፣ በሳራቼኒስካዎቹ አንገትና ቱቦው ፓምፑ ላይ በሚታሰርበት ዩኒየን ላይ የጺም መላጫ አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በብርሃን አስተላላፊው ክዳን ሥር የማያቋርጥ የአየር ኳስ ከታየ፣ ወደ ገንዳው የሚመለሰውም ውኃ አየር እየተፋ ከሆነ፣ አየር መግባቱ አያጠራጥርም። በዚህ ፓምፕ ክዳን ሥር ግን ውኃው ሙሉ ነው፣ የአየር ኳስ የለበትም። እንዲያውም ረግቷል። በደንብ የሚስብ ፓምፕ ቅርጫት ውስጥ ውኃው ሲዞርና ሲናወጥ ይታያል፤ የዚህኛው መርጋት ብዙ ይናገር ነበር፤ ያን ቀን ግን ልብ ያለው የለም።

አዲስ አበባ ላይ የመሳቢያው ፍተሻ ጠበቅ ማለት አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ውኃን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት እዚህ ከፍታ ላይ ቀንሷል። በባሕር ወለል ከ10 ሜትር በላይ ውኃ የሚሸከመው ግፊት እዚህ የሚሸከመው 7.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ገና በንድፈ ሐሳብ ሲታሰብ ነው። ከገንዳው ውኃ በላይ ተተክሎ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ላይ ያለ ችግር የሚስብ ፓምፕ እዚህ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ግማሹ የተዘጋ ሳራቼኒስካ ሲገጥመው ውኃውን ይጥላል። አለዚያም ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ያሰማል፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውኃው ኢምፔለሩ ውስጥ ሳይሞቅ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ መልሶ ስለሚከስም ነው፤ ይህም ኢምፔለሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሞተሩንም ከፍታው ይነካዋል። መደበኛ ሞተር ላይ የሚጻፈው ጉልበት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም። እዚህ ከተማ ያለ ሞተር ትንሽ ሞቅ ቢል አይገርምም።

የቀረው ኢምፔለሩ ነበር። ፀጉርና ቀጭን ቅጠል በቅርጫቱ ቀዳዳ ሾልኮ የኢምፔለሩን መስመሮች ይደፍናል፤ ያኔም ቅርጫቱ በውኃ የተሞላ፣ የገንዳው ውኃ መጠን በቂ፣ ግፊቱ ግን ዝቅተኛ ይሆናል፤ ልክ እንደዚህኛው። ብሬከሩ ወርዶ ተቆለፈ፤ ቅርጫቱ ወጥቶ ከኋላው ባለው ቀዳዳ የታጠፈ ሽቦ ተሰደደ። ንጹሕ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀና አሸዋው እንዲቀየር አዘዘ። ከ400 ኪሎ በላይ አሸዋ ተዝቆ ወጥቶ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ አዲስ አሸዋ ገባ። ያረጀና የተጋገረ አሸዋ መርፌውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም፤ ጌጁን ያመነ ሰው ይህን ወጪ ያስቀር ነበር። አዲሱ አሸዋ ታጥቦ ፓምፑ ሲነሣ መርፌው እዚያው 0.4 ላይ ቆመ።

ገንዳውን የሚጠብቀው ልጅ አሸዋ ሲሸከም ከዋለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እኮ በደንብ ይሠራል» አለ። ያተረፈው ሳቅ ነው። ባለሙያው ግን ከሳቁ በኋላ ቆም ብሎ አሰበ። መብራት ሲጠፋ ሆቴሉ በጀነሬተር ይሠራል። ጀነሬተሩ እንዲነሣ አደረገና መርፌውን አየ፤ 0.9። ወደ መብራት ተመለሰ፤ 0.4።

የጥገና ክፍሉ ወዲያው ያቀረበው ምክንያት የታወቀው ነው፤ «መብራቱ ደክሟል»። ለአምፖል ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ግን አይሆንም። ባለ 3 ፌዝ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ነው፤ በ50 ኸርዝ እንዲህ ያለው ሞተር በደቂቃ 2,850 ገደማ ይዞራል። ቮልቴጁ ትንሽ ሲወርድ ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ይልቁንም ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይሞቃል፣ ኦቨርሎዱም (አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ይቆርጠዋል። ግፊቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ኦቨርሎዱ ሳይቆርጥ መቆየቱ ምክንያቱ ቮልቴጅ እንዳልሆነ ያሳያል። ለማንኛውም በቴስተር ሲለካ በፌዝና በፌዝ መካከል 376 ቮልት ነበር፤ 380 ለሚል ሞተር ይህ በቂ ነው።

የሞተሩ የኋላ ማራገቢያ መታየት ነበረበት። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር አቅጣጫው በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ፓምፑ ለአንድ አፍታ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ማራገቢያው ሊቆም ሲል የሚዞርበት አቅጣጫ በሽፋኑ ቀዳዳ ይታያል። ከዚያ ፓምፑ አካል ላይ ከተቀረጸው ቀስት ጋር ይነጻጸራል። በመብራት የተገላቢጦሽ እየዞረ ነበር።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የሚዞር የገንዳ ፓምፕ ውኃውን ወደ ስኪመሩ የሚመልስ ይመስለዋል። አይመልስም። ውኃው አሁንም ከመሃል ወደ ዳር ስለሚወረወር የሚሄደው በዚያው በመደበኛው መንገድ ነው፤ የኢምፔለሩ ክንፎች ግን በተቃራኒ ስለሚመቱት ጉልበቱ ይወድቃል። ገንዳው ውስጥ ውኃ ሲገባ ይታያል፣ ሞተሩ ያለ ጩኸት ይዞራል፣ ክዳኑ ሥር አየር የለም፤ የሚናገረው መርፌው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ከፓምፕ ቤቱ ውጭ ነበር። ውኃው መደፍረስ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቀይሯል። መስመሩ ሲታሰር ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ በዚያ መስመር ያለ ባለ 3 ፌዝ ሞተር ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል። አምፖል፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አንድ ፌዝ ብቻ ስለሚጠቀሙ ምንም አይታወቃቸውም።

ባለሙያው የሞተሩን ተርሚናል ሳጥን ከፍቶ ሁለቱን ገመድ አለዋወጠ። መርፌው 0.9 ላይ ወጣ፤ ሒሳቡ ተከፍሎት ሄደ። በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ተነሣ፣ መርፌው 0.4 ላይ ወረደ።

መሆን የነበረበትም ይኸው ነው። የጀነሬተሩ የፌዝ ቅደም ተከተል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመብራቱ ነው። ከቼንጅኦቨሩ (ሆቴሉን ከመብራት ወደ ጀነሬተር ከሚያዛውረው ማብሪያ) በኋላ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ የሚደረግ ልውውጥ ሁለቱንም ምንጭ ይገለብጣል፤ በመብራት ያስተካክላል፣ በጀነሬተር ያበላሻል። ልውውጡ የሚደረገው ከቼንጅኦቨሩ በፊት፣ የመብራቱ መስመር በሚገባበት በኩል ብቻ ነው።

ነገሩ ሲጣራ ሌላም ወጣ። የሊፍቱ ሠራተኛ በዚያው ሰሞን መጥቶ ነበር። ሊፍቱ የፌዝ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሪሌ ስላለው ትራንስፎርመሩ በተቀየረ ማግስት አልነሣም ብሏል፤ ሠራተኛውም የራሱን ፓነል ከፍቶ ሁለት ገመድ አለዋውጦ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ በጀነሬተር አይሠራም፤ ሆቴሉም «ጀነሬተሩ ሊፍቱን መሸከም አቃተው» ብሎ ተቀብሎታል። የኩሽናው ጭስ መሳቢያም ደክሞ ነበር፤ እሱም ባለ 3 ፌዝ ማራገቢያ ነው። የሦስት ክፍል ሠራተኞች አንድ በሽታ ለየብቻ ሲያክሙ ከረሙ።

ማስተካከያው በቅደም ተከተል ተሠራ። ዋናው ብሬከር ወርዶ ተቆለፈ፣ ጀነሬተሩም በራሱ እንዳይነሣ አውቶማቲኩ ተዘጋ፤ ይህ ከተረሳ መብራት የለም ብሎ እጁን ያስገባ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ገመዶቹ በቴስተር ተነክተው ባዶ መሆናቸው ተረጋገጠ። የፓምፑና የሊፍቱ ልውውጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከዚያ በቼንጅኦቨሩ የመብራት መግቢያ ላይ ሁለት ፌዝ ተለዋወጡ፤ ሁለት ብቻ፣ ምክንያቱም ሦስቱንም በክብ ማዞር ቅደም ተከተሉን አይለውጠውም። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የአገልግሎት ሰጪው ስለሆነ አልተነካም። መጨረሻ ላይ በፌዝ ቅደም ተከተል መለኪያ መብራቱም ጀነሬተሩም ተፈተሹ፤ መርፌው በሁለቱም 0.9።

ፓምፑም ተከፍቶ ታየ። በብዙ ፓምፖች ኢምፔለሩ ዘንጉ ላይ በጥርስ የሚጠብቅ ነው፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ሲነሣ ግን ሊፈታና የፓምፑን ውስጥ ሊፍቅ ይችላል። የዚህኛው በግራ ጥርስ የሚታሰር መቆለፊያ ቡሎን ስለነበረው አልተፈታም። ውኃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚከለክለው ሲል (ማሸጊያ) ግን አርጅቶ ስለነበር ተቀየረ፤ አዲስ ሲል ሲገባ የሚፋተጉት ሁለቱ ገጾች በጣት አይነኩም፣ ግሪስም አይቀቡም፣ በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ይበቃል። ከዚያም ቅርጫቱ በውኃ ሳይሞላ ፓምፑ አይነሣም፤ ያለ ውኃ የሚዞር ሲል በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

የፓምፑ ፓነል ላይ የፌዝ ቅደም ተከተልና የፌዝ መጥፋት የሚጠብቅ ሪሌ ተጨመረ። የሪሌው መገናኛ ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ኮንታክተር ኮይል ጋር በተከታታይ ስለሚታሰር ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይም አንድ ፌዝ ከጠፋ ፓምፑ አይነሣም። ሁለተኛው ጥቅሙ ይበልጣል፤ አንድ ፌዝ የጎደለው ሞተር በቀሩት ሁለቱ ብዙ አምፔር እየሳበ ጥቅሉን ያቃጥላል። ኦቨርሎዱም ሞተሩ ስያሜ ላይ ባለው አምፔር ልክ ይደረጋል፤ እዚህ 5 አምፔር ነው። «እንዳይቆርጥብን» ተብሎ 8 ላይ የተሰቀለ ኦቨርሎድ የለም ማለት ይቻላል።

የመኖሪያ ቤት ገንዳ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 1 ፌዝ፣ 220 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ቢቀየርም ወደ ኋላ አይዞርም፤ እዚያ ይህን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የእሱ የተለመደ በሽታ እምም እያለ አለመነሣት ነው። ብሬከሩ ወርዶ ዘንጉ ከኋላ በካቻቢቴ ይዞራል፤ ከከበደ ኩሽኔታው ወይም ኢምፔለሩ ተይዟል፣ በቀላሉ ከዞረ ካፓሲተሩ ይጠረጠራል። ካፓሲተር ከመነካቱ በፊት ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር ይለቀቃል። ሲለካ ከተጻፈበት ማይክሮፋራድ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ይቀየራል፤ የሚገባው አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት ደግሞ ከአሮጌው የማያንስ መሆን አለበት።