ቦሰን የሚለው ቃል ውስጥ ያለው ልጅ

ለፋሲካ የጎረቤታችን ልጅ ከመርከብ ሥራ እረፍት ወጥቶ ባሕር ዳር መጥቶ ነበር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ ሥራው ሲያወራኝ በየመሀሉ "ቦሰን ጠራኝ፣ ቦሰን እንዲህ አለኝ" ይላል። ቦሰን ማነው ስለው የሥራ ስም ነው ለካ፣ ገመዱን መልህቁን የመርከቡን ወለል ሠራተኞች በሙሉ የሚያዝ አለቃ። ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፣ ፊደሉ ቁጭ ብሎ "ቦትስዌይን" ይላል፣ ሲነበብ ግን ቦሰን!

ቤት ገብቼ እሱን ስፈልግ አመሸሁ። ቦት ያው ጀልባ ነው። "ስዌይን" ግን መሠረቱ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ቫይኪንጎቹ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሲሰፍሩ ይዘውት የገቡት የኖርስ ቃል ነው፣ "ስቬይን"፣ ልጅ ወይ ጎረምሳ ወይ አሽከር ማለት። በፈረንጅ ከ2001 እስከ 2006 የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ያሰለጠነው ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ራሱ ስሙ ከዛው ነው የመጣው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው የመርከብ አለቃ ስሙ ሲፈታ "የጀልባ ልጅ" ነው። በጣም ደስ አለኝ።

ወዲያው ትዝ ያለኝ የኛው ብላቴን ጌታ ነው። ብላቴና ልጅ አይደል፣ ቤተ መንግሥት የሚያገለግሉት ልጆች ብላቴኖች ነበሩ፣ የነሱ አለቃ ደግሞ ብላቴን ጌታ፣ በኋላ ማዕረጉ ከፍ እያለ ሄዶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ብላቴን ጌታ ይባሉ ነበር። ልዩነቱ ግን ይሄ ነው፣ የኛው "የልጆቹ ጌታ" ብሎ ጌታውን ለብቻ ይጠራል፣ የነሱ ቃል ላይ ልጁ ራሱ ነው ስሙን ሳይቀይር አለቃ የሆነው። ለኔ የነሱ ይበልጥብኛል።

ባለፈው ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ስንሻገር ጀልባው ፊት ላይ አንድ ልጅ ነበር፣ ገመድ ይፈታል፣ ስንደርስ ቀድሞ ዘሎ ያስራል፣ እናቶችን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዞ ያወርዳል። ሁሉም "አንተ ልጅ" ነው የሚሉት። ስወርድ ሥራህ ምን ይባላል አልኩት፣ "ረዳት" አለኝ። መርከብ ላይ ቦሰን ይባላል፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ትርጉሙም ልጅ ነው አልኩት። ገመዱን ሳይለቅ ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመው።