ከአረብ አገር አብሮ የመጣ ድካም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጂዳ ወይ ሪያድ ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከተመለሱት እህቶቻችን መሀል መልኳ ሳይገረጣ፣ ሳያተኩሳት ሐሳቧ የሚበተንባት አለች። ሽንኩርቱን ጥዳ ዘይት ልታመጣ ጓዳ ትገባለች፤ ለምን እንደገባች ይጠፋታል። የምትመለሰው ማረሩ ሲሸታት ነው። ጎረቤት «ማዳሟ ሲህር አሠርታባታል» ይላል፤ ቤተሰብ «ስንፍና ለምዳ መጣች» ይላል። ይሄኛው ይበልጥ ይጎዳል።

እንዲህ ላለው ድካም መነሻው ብዙ ነው፤ ከማይጠረጠሩት አንዱ የጉበት ቫይረስ ሲ ነው። ለአረብ አገር ጉዞ የሚደረገው የጤና ምርመራ (ሜዲካል) ስለሚያየው፣ መያዙን «አንፊት» (ብቁ አይደለህም) የተባለ ዕለት የሚሰማ አለ። ከዚያ የጉበት ኢንዛይም በደም ይለካል፣ አልትራሳውንድ ይነሣል፣ «ጉበትሽ ደህና ነው» ትባላለች። እውነትም ደህና ሊሆን ይችላል። ድካሙና መርሳቱ ግን የጉበቱን ጉዳት ጠብቆ አይመጣም። በ2001 እ.ኤ.አ. የለንደን ተመራማሪዎች ጉበታቸው ብዙም ያልተጎዳ ተሸካሚዎችን አንጎል በኤምአርአይ ሲመረምሩ የኬሚካል ለውጥ አግኝተዋል።

እግር ካቃጠለ ወይ ከደነዘዘ፣ ቅልጥም ላይም ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ለሐኪሙ ይነገር። ቫይረሱ ደም ውስጥ ብርድ ሲነካው የሚረጋ ፕሮቲን ሊያስከትል፣ እሱም ነርቭ የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ሊጎዳ ይችላል። የደሴ ብርድ ያባብሰዋል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ቢቃዥ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቢነቃ፣ የተዘረጋ እጁ ቢርገበገብ ግን ክፉኛ የተጎዳ ጉበት የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ።

ሜዲካል ላይ የሚደረገው የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚያሳየው ቫይረሱ አንድ ጊዜ መግባቱን ብቻ ነው። ከ10 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው ያለ መድኃኒት ስለሚድን ቫይረሱ አሁንም ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው ፒሲአር ያስፈልጋል። በዚያው የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ይደረግ። የባዕድ ቤት ኑሮ ጥሎት የሚሄደው ድባቴም መርሳት ያመጣልና አይዘለል።

የቫይረሱ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሶፎስቡቪር 400 ከቬልፓታስቪር 100 ሚሊ ግራም ጋር ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ፣ ለ12 ሳምንት። ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ሳይጀመር የጉበት ቫይረስ ቢ መመርመር ግድ ነው፤ ተኝቶ የነበረው ሊነሣ ይችላል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በደንብ አይሰርጽለትም፤ የቲቢውም ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። ሁለቱንም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ክኒኑ ባለቀ በ12ኛው ሳምንት ፒሲአር ይደገማል።

ከዳኑ በኋላ የብዙዎች ሐሳብ ቀስ እያለ ይሰበሰባል፤ ድካሙ የሚቆይባቸውም አሉ።

አንድ ነገር ለደላላ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እወቁ፦ ከዳናችሁም በኋላ የመጀመሪያው ምርመራ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ሜዲካል ማዕከሉ በዚያ ብቻ ሊጥላችሁ ስለሚችል፣ የመጨረሻውን የፒሲአር ወረቀት ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ።