በሞተ ገንዘብ ናይሮቢ ገባሁ

የአጎቴ ልጅ ከመሳቢያው ስድስት ባለ 1000 ሽልንግ ኖቶች አውጥቶ ሰጠኝ። «ናይሮቢ ሄጄ የተረፈችኝ ናት፤ አበድሬሃለሁ፣ ስትመለስ ትከፍለኛለህ» አለ። 6000 ሽልንግ ያኔ ወደ 60 ዶላር ይመጣል። ደስ አለኝ። ምንዛሬ ፍለጋ መንከራተት ቀረልኝ ብዬ ዶላር ሳልይዝ ወጣሁ። ናይሮቢ የሚቀበለኝ ጓደኛ ስላለ ቀሪውን እዚያ እንጨርሳለን አልኩ።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነበር። ለአውሮፕላን የሚከፈለው ስለከበደኝ፣ ደግሞም መንገዱን ለማየት ስለጓጓሁ በመኪና ነው የሄድኩት። ሀዋሳ አድሬ በሁለተኛው ቀን ሞያሌ ገባሁ። ሞያሌ ከተማዋ አንድ፣ አገሯ ሁለት ናት። በማግስቱ ፓስፖርቴን አስመትቼ በእግሬ ተሻገርኩ። በዚያ በኩል መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ይህን እያወቅኩም የመጀመሪያዋን ሞተር ሳይክል ለጥቂት አመለጥኳት።

ትኬት ቆራጩ «ሳ ናኔ ይነሳል» አለኝ። ናኔ ስምንት ማለት ነው። ትኬቱ ላይ ግን 2:00 ብሎ ጻፈ። ለካ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ኩራቴ ግን አንድ ደቂቃም አልቆየ። ኖቶቹን ዘረጋሁለት። ልጁ ኖቱን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ የጆሞ ኬንያታ ፎቶ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ኢሜኩፋ» አለ። ሞቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት የማንም ሰው ፎቶ ገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ አዳዲስ ኖቶች ወጡ። ከአሮጌዎቹ ባለ 1000ው ብቻ፣ ሐሰተኛና ሕገወጥ ገንዘብ ለመያዝ ሲባል፣ እስከ መስከረም 19 ቀን 2012 ካልተቀየረ ዋጋ እንዳይኖረው ተወሰነ። የአጎቴ ልጅ መሳቢያ ይህን አልሰማም። እኔም አልሰማሁም። ባለ 50 እና ባለ 100 ይዤ ቢሆን ኖሮ ይሠሩልኝ ነበር።

አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «ስጠኝ፣ ባንክ የሚሠራ ሰው አለኝ» አለ። አልሰጠሁትም። ኪሴ ውስጥ የቀረውን ብር ለቃቅሜ መንዝሬ ትኬቱን ቆረጥኩ። 80 ሽልንግ ተረፈኝ። ፊት ለፊቴ እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ጉዞ አለ፣ ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ቦረና ናቸው። ሻሸመኔ ስላደግኩ የገበያ ኦሮምኛ አላጣም። የሳቸው ለየት ቢልም ግማሹን በቃል ግማሹን በእጅ ተግባባን። «ወደ ኬንያ ነህ?» አሉኝ። ኬንያ ውስጥ እኮ ነን! ኋላ ነው የገባኝ። የሰሜኑ ሰው ወደ ናይሮቢ ሲሄድ «ኬንያ ልሄድ ነው» ይላል። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት በከብት መኪና ላይ ተጭነው ቀናት ይፈጅባቸው ነበርና ቢሉም አይገርምም።

ትንሽ እንደሄድን ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ማንዳዚ አወጡ። የኛ ቦምቦሊኖ ዘመድ ነው። ገና ትኩስ ነበር፣ ዘይቱ ጋዜጣው ላይ ወጥቷል። «ብላ ልጄ» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አፌ ግን «አይ፣ በልቻለሁ» አለ።

እኛ አገር ይህ መልስ የጨዋታው መጀመሪያ ነው። አንተ «በልቻለሁ» ትላለህ፣ እሳቸው «በሞቴ» ይላሉ፣ አንተ «እውነቴን ነው» ትላለህ፣ እሳቸው ያጎርሱሃል። ሴትዮዋ ግን እሺ ብለው ጋዜጣውን ጠቀለሉት። ቃሌን አመኑኝ! ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንን ቦርሳ ነበር የማየው። በውጭ ዲዳ ጋልጋሉ የሚሉት በረሃ ያልፋል፣ ጥቁር ድንጋይ እስከ ሰማይ ጥግ። ለዚህ መንገድ ስል ነው በመኪና የመጣሁት፤ እኔ ግን ማንዳዚ አስባለሁ።

ማርሳቢት ስንደርስ መሽቷል። ከዚያ ሁሉ በረሃ በኋላ ደን የለበሰ ተራራ ላይ ትወጣለህ፣ ብርድ ነው። ሹፌሩ «ሃያ ደቂቃ» ብሎ ሁሉም ወረደ። እኔ ከአውቶቡሱ ጎን ቆሜ ስልኬን የማይ አስመሰልኩ። ሲም ካርድ እንኳ የለኝም። ሴትዮዋ የሚወርዱት እዚያ ነው። ሻንጣቸውን አስወርደው ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው አዩኝ፤ ተመለሱ። «መቼ ነው የበላኸው?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ውሸቱ አልመጣልኝም። ስድስቱን ኖቶች አውጥቼ አሳየኋቸው።

ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ነው የሳቁት። ከዚያ እጄን ይዘው ምግብ ቤቱ አስገቡኝ። ቻፓቲ፣ ባቄላ የመሰለ ወጥ፣ በወተት የፈላ ሻይ። የከፈሉት በስልክ ነው። ኤም-ፔሳ ያኔ እኛ ጋ አልነበረም። ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ዓይናቸው ድረስ አቅርበው ቁጥር ሲነኩ፣ መልእክቱ እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ ከዚያም ስክሪኑን ለባለ ምግብ ቤቱ ሲያሳዩ አፌን ከፍቼ አየሁ። ሁለት ባለ 200 ሽልንግ እጄ ውስጥ ጨመሩልኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ተቀበልኩ። በምትኩ ከሞቱት ኖቶች አንዷን ጠየቁኝ፤ ለልጆቻቸው ሊያሳዩዋት ነው።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከኋላችን የተቀመጠውን ወጣት ጠርተው ወደ እኔ እየጠቆሙ ተናገሩት። ፈጣን ስለነበር ቃሉን አልሰማሁትም። ግን አደራ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

ልጁ ናይሮቢ የሚማር ተማሪ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፍተሻ ባለበት ሁሉ ፖሊስ በባትሪ ፊቴን ሲያበራብኝ ከእኔ ቀድሞ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ኢሲዮሎ ላይ የጓደኛዬን ቁጥር 4 በመቶ ከቀረው ስልኬ ገልብጦ በራሱ ስልክ ደወለልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ኢስትሊ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ገባን። እስኪነጋ ከአውቶቡስ አለመውረድ እንደሚሻል ነገረኝ፤ ሌሎቹም ተሳፋሪዎች ጃኬታቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። የእሱ ማደሪያ ሩቅ አልነበረም። መሄድ ይችል ነበር። ጓደኛዬ እስኪመጣ ግን አብሮኝ ቁጭ አለ።

አሁን ድንበር ስሻገር ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። የሰው መሳቢያ ውስጥ የከረመ ገንዘብ አልይዝም። ትንሽ ዶላር ካልሲዬ ውስጥ አለ፣ ሲም ካርድ የምገዛው ገና ድንበር ላይ ነው፣ የሚቀበለኝን ሰው ቁጥር ደግሞ በወረቀት እጽፋለሁ። እነዚህን ማንም ይነግርሃል። እኔን ያስቸገረኝ ይሉኝታው ነው። የሰው አገር ሰው «ብላ» ሲለኝ አሁን በአንደኛው እበላለሁ። ሁለተኛ ዙር ላይኖር ይችላል። ከማን እንደምቀበል ግን አያለሁ። ያ ጎረምሳ ገንዘቤን «ስጠኝ» ነበር ያለው። ሴትዮዋም ተማሪውም ያዩት ሆዴንና መንገዴን ነው፤ ቦርሳዬን የነካ የለም።

ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2013 ላይ፣ የእኛም ብር ተቀየረ። ሰዉ ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ የትኬት ቆራጩ ጣት ትዝ ይለኝ ነበር።

እናቴ ይህን ስነግራት የማንዳዚው ነገር አላሳቃትም። «ስማቸውን እንኳ ሳትጠይቅ?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጬ ስማቸውን አልጠየቅኩም። ቡና አፍልታ ስትመርቅ «የማርሳቢቷን ሴትዮ» ትላለች፤ በዚያ ስም ነው የምታውቃቸው።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ እስከ ዛሬ 6000 ሽልንግ ዕዳ አለብህ ይለኛል። አምስቱን እንዳሉ መለስኩለት። አንዷ ማርሳቢት ናት፣ ሂድና ተቀበል አልኩት።