ስምንተኛው ወር

እናቴ በስልክ «ሥራህ ግን ምንድን ነው?» ስትለኝ «የፈረንጅ ዘር መቁጠር» አልኳት። «እዚያም አለ እንዴ?» ብላ ደነገጠች።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለ ትንሽ ቢሮ ነው። ሰው የቅድመ አያቱን ታሪክ ፈልጉልኝ ብሎ ይመጣል፣ እኛ መዝገብ እናገላብጣለን። ይኼኛው ደንበኛ የመጣው የጣሊያን ዜግነት ፈልጎ ነው። ሕጉ በ2025 ከመጥበቁ በፊት ነው፤ ያኔ ቅድመ አያትም ይበቃ ነበር። ብቻ ቅድመ አያትየው አያት ከመወለዱ በፊት አሜሪካዊ ሆኖ ከተገኘ ሐረጉ ተቆረጠ ማለት ነው።

ፋይሉን የያዙት የቢሮው አንጋፋ ናቸው። ሃያ ዓመት የእንግሊዝና የአየርላንድ ቤተሰብ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው።

ቅድመ አያትየው፣ ባልየው፣ በመርከብ መዝገብ ላይ ወዲያው ተገኘ። ከዓመታት በኋላ ተከትላው የመጣችው ሚስቱ ከነሁለት ልጆቿ ጠፋች። አንጋፋው በባሏ ስም ሦስት ሳምንት ፈለጓት። ስሙን በአንድ «ቲ»፣ በሁለት «ቲ»፣ መጨረሻውን በ«ኦ»፣ በ«ኢ» እያደረጉ ሞከሩ። በመጨረሻ «ኤሊስ ደሴት ላይ ስሟን ቀይረውባት ይሆናል» አሉ። ይኼን ደንበኛ ሁሉ ይለዋል። ያኔ ስደተኛው ኒው ዮርክ ሲገባ የሚጣራበት የዚያ ደሴት ሠራተኞች ግን ስም አይጽፉም ነበር፤ ከመነሻ ወደብ ተጽፎ የመጣውን ዝርዝር ነበር የሚያመሳክሩት። አስተርጓሚም ነበራቸው። በኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ራሱ እዚያ አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል።

እኔ ያን ቀን የታዘዝኩት ስካን እንዳደርግ ብቻ ነው። ከወረቀቶቹ መሀል የአንደኛው ልጅ የሞት ማስረጃ አለ። የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ ስሟ ከነአባቷ ቤት ስም ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ላይ መታሁት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ወጣች። 1912፣ ከኔፕልስ የተነሳ መርከብ። እሷ በአባቷ ቤት ስም፣ ከሥሯ ሁለቱ ልጆች በአባታቸው ስም። ወደ ማን ትሄዳለች በሚለው ዓምድ ላይ «ባሏ» ይላል፣ አድራሻው ሳይቀር።

«እንዴት አገኘሃት?» አሉኝ።

«በአባቷ ስም።»

«ያገባች ሴት ናት እኮ!»

«እናቴም ያገባች ናት። እስካሁን በአባቷ ስም ነው የምትጠራው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እና አንተና አባትህ አንድ የቤተሰብ ስም የላችሁም?»

«የኔ የቤተሰብ ስም እኮ ራሱ አባቴ ነው።»

ይኼ ለኔ ብርቅ አይደለም። የጣሊያን መዝገብ ላይ ሴት አግብታም ወልዳም በአባቷ ቤት ስም ነው የምትጻፈው። እንዲያውም ሰው ሲጻፍ የአባቱ ስም ይከተለዋል፤ አባትየው በሕይወት ካለ «ዲ»፣ ከሞተ «ፉ» ብለው። አንቶኒዮ ፉ ጁዜፔ ማለት የሟቹ የጁዜፔ ልጅ አንቶኒዮ ነው። እኛ ሟችና ደኅና ሳንለይ አንቶኒዮ ጁዜፔ ብለን እናልፈው ነበር።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አንጋፋው ተነስተው «ከብዙ ድካም በኋላ አገኘናት» አሉ። አገኘናት! እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቤ አንተ ሆነ።

አለቃችን ግን ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፣ ፋይሉን ለኔ ሰጠችኝ። የቀረው የባልየው የልደት መዝገብ ነው። ደንበኛው ከቤተሰብ ሣጥን ያወጣው፣ ቄስ በእጃቸው የጻፉት የክርስትና ወረቀት አለ። ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። የተወለደበት ቀን 22፣ ቀጥሎ 8 ቁጥር፣ ከ8ቷ ጋር «ብሬ» የምትል ጭራ፣ ከዚያ 1884። ጭራዋን ናቅኋት። ስምንተኛ ወር፣ ኦገስት። የዚያ ዓመት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ስላልነበረ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለደንበኛውም «አለቀ በለው» አልኩት።

ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። አንድ መስመር ነው፦ በተጠቀሰው ቀን የተመዘገበ የለም።

ወረቀቱን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ፣ የአንጋፋው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሩን አደረገ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም።

«ኦክቶበር።»

«ስምንት እኮ ነው የሚለው!»

«በጣሊያንኛ ስምንት ምንድን ነው?»

«ኦቶ» አልኩ። አፌ ላይ እንዳለ ገባኝ። ኦቶ-ብሬ። ሰባት ሲሆን ሴፕቴምበር፣ ዘጠኝ ሲሆን ኖቬምበር። የጥንት ሮማውያን ዓመቱን ከማርች ይጀምሩ ስለነበር ቁጥሩ ከስሙ ጋር ቀርቷል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦችም እንዲሁ ያሳጥሩታል፤ አንጋፋው ሃያ ዓመት ሲያነበው የኖረ ነገር ነው። የሚገርመው እኔ ነኝ። ስምንተኛ ወር ሲባል ሚያዝያ ብዬ ያደግሁ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ወር የሚቆጥረው ከአንድ ቦታ ነው ብዬ አረፍኩት።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። በልቤ አንቱ ተመልሶ መምጣቱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«መች ጠየቅኸኝ?» አሉ፤ ወረቀቱን በማጠፊያው አጥፈው መለሱልኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ መልስ ይዞ መጣ። 22 ኦክቶበር 1884፣ ማኅተም የተመታበት። ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃችን «የጣሊያኑ ፋይል እንዴት ሆነ?» አለች። አንጋፋው ከጠረጴዛው ማዶ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኛል።

«አገኘነው» አልኩ።