ምንም ሳያመኝ 6.8

ጥቅምት ላይ ለመሥሪያ ቤታችን ቼክአፕ ደም ሰጠሁ። 58 ዓመቴ ነው። ስኳሬ ደህና፣ ኩላሊቴ ደህና። ከወረቀቱ ግርጌ ግን ፒኤስኤ 6.8 ይላል፤ ፒኤስኤ ማለት ከወንድ ፊኛ ሥር ላለው ዕጢ፣ ለፕሮስቴት፣ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው የደህና መጠን እስከ 4 ነው።

አባቴ የሞተው በፕሮስቴት ካንሰር ነው። ለባለቤቴ የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነበር። እስከዚያ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ሽንት ያቃጥልዎታል? ትኩሳትስ? ከወገብ በታች ሕመም?» ምንም የለም። የሽንት ምርመራዬም ንጹሕ ነው። ያኔ ነው እስከ ዛሬ ያልሰማሁትን የነገረኝ። ፒኤስኤ ካንሰር ብቻ የሚያወጣው ነገር አይደለም። ጤነኛ ፕሮስቴትም የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው። ዕጢው ሲቆጣ ግን ያገደው ግድግዳ ይላላል፣ ፕሮቲኑም ወደ ደም ይፈስሳል። ደግሞ ዕጢው ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ያለ ምንም ሕመም ለዓመታት ተቆጥቶ ሊኖር ይችላል።

ጓደኛዬ «ሲፕሮ ዋጥበት፣ ይወርዳል» ብሎኝ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅኩት። አልፈቀደም። የኢንፌክሽን ምልክት በሌለበት አንቲባዮቲክ አይታዘዝም አለ። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው እንዲሰማት እፈልጋለሁ፤ እኔ ልውጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ምርመራው ተደገመ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከግንኙነት እንድቆጠብ፣ ብስክሌትም እንዳልነዳ ታዘዝኩ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። 6.1 ወጣ። ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ አንድ አጠራጣሪ ቦታ ታየ። ብግነትም፣ ማለትም የዕጢው መቆጣት፣ እዚያ ላይ ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል አለኝ ሐኪሙ። የአባቴ ነገር ስላለ ግን ናሙና መውሰድ ግድ ሆነ።

የናሙናውን የላቦራቶሪ (ፓቶሎጂ) ውጤት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሥር የሰደደ ብግነት። በተወሰዱት ናሙናዎች ካንሰር አልታየም። አለቀስኩ። ክትትሉ ግን ይቀጥላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሜ ደም እሰጣለሁ።

ታናሽ ወንድሜ 52 ዓመቱ ነው። «እኔ ምንም አያመኝም» ሲል ከረመ። «እኔንስ መች አመመኝ?» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ከሐሙስ ጀምሮ ብስክሌቱን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።