የዋንዛው ሳጥን

ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ማታ ለእንግዶች የሚታይ የግማሽ ሰዓት ድራማ ጻፍልን አለኝ። ስለ ዓባይ ይሁን አሉ። እኔም የግብፅን አማልክት መረጥኩ። ወንድም ወንድሙን ይከዳል፣ ውኃው ደግሞ ከእኛው ሐይቅ የሚወርድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦሲሪስ ንጉሥ ነው። ወንድሙ ይቀናበታል። ቁመቱን በስውር ይለካና በልኩ የሚያምር ሳጥን ያሠራል። ግብዣ ላይ ሳጥኑን ያመጣና ልክ ለሆነለት እሰጣለሁ ይላል። ሁሉም በየተራ እየገባ ይሞክራል፤ ለማንም አይሆንም። ኦሲሪስ ሲጋደም ግን 72ቱ ሤረኞች ተሯሩጠው ክዳኑን ይደፍኑበታል። በቀለጠ እርሳስ አሽገው ወንዝ ይጥሉታል። በኋላ ገዳዩ አስከሬኑን አግኝቶ 14 ቦታ ይቆርጠዋል፤ አንዱን ቁራጭ ዓሣ ይበላዋል። የዓሣ ጥብስ በቀረበበት ገበታ ፊት ይህ አይነገርም ብዬ ዘለልኩት።

መጀመሪያ ያስቸገረን ስም ነው። የከዳተኛው ስም ሴት ነው። ተዋናዩ «ሴት ወንድሙን ገደለ» ብሎ ሲያነብ አንዷ «ገደለ ነው ገደለች?» አለች። ልምምዱ በሳቅ ተበተነ። ሱቴክ በሚለው ሌላ አጠራሩ ቀየርነው።

ቀጥሎ ጀልባ ነጂው መጣ። ሳጥኑ እዚሁ፣ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ እንዲጣል ጽፌ ነበር። «ወንድሜ፣ ጢስ ዓባይ ላይ እንክትክት አይልም?» አለኝ። ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። ሳጥኑን ወደ ግብፅ መለስኩት።

እነዚህ ቀላል ነበሩ። ዋናው ጉድ ባነሩ ነው። «ከ4,000 ዓመት በፊት የተጻፈ» የሚል አሳተምኩ። ከሥሩ በትልቁ «ኢትዮጵያዊቷ ንግሥት አሶ!» ይላል። አሶን ሳነብ አግኝቼያት በደስታ ፈንድቄ ነበር። ሳጥኑንም ለአናጢ ቀብድ ከፍዬ በዋንዛ አሠራሁት። ምን የመሰለ ሳጥን መሰላችሁ።

ማታ ልምምድ ላይ የሥራ አስኪያጇ አጎት ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ባነሩን አዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህቺ ንግሥታችን ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ከሱቴክ ጋር ነች፣ ጋሼ።»

«ከገዳዩ ጋር?»

«አዎ።»

«እና እሱን ነው በትልቁ ያጻፍከው?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አላበቁም። ሳጥኑም፣ 72ቱም፣ አሶም የሚገኙት ፕሉታርክ የጻፈው ላይ ነው አሉኝ። ፕሉታርክ ግሪካዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ሁለተኛው መቶ ዘመን ሲገባ ገና በሕይወት ነበር። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉም በአብዛኛው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኑቢያን አገር ነው። የታሪኩ ጥንታዊው ቃል ያለው ግብፅ፣ ሳቃራ በሚባል ቦታ፣ የንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ከልደት በፊት 2350 ገደማ። በሁለቱ መካከል ወደ 2,400 ዓመት አለ።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። በፒራሚዶቹ ጽሑፍ ውስጥ ሳጥን የለም። ግብዣም የለም። ወንድሙ ኔዲት በሚባል ቦታ መትቶ ጣለው፤ በጎኑ ወደቀ። ሁለቱ እኅቶቹ ኢሲስና ኔፍቲስ ፈልገው አገኙት። ተነሣ ይሉታል። ነገሩ ሁሉ የሚጠቀሰው እዚህም እዚያም፣ በቁርጥራጭ ነው። ለምን እንዲህ አጠረ ብዬ ነበር። ግን ጽሑፉ ለሟች ንጉሥ የተጻፈ ነው። እኛስ ለቅሶ ቤት ገብተን ሟቹ እንዴት እንደተገደለ እንተርካለን? ለእኔ ከሳጥኑ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

ጠዋት ለሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፤ የባነሩንና የሳጥኑን ዋጋ ግን ከክፍያዬ ቆረጠች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጽሑፍ ስጀምር አናቱ ላይ «ማን ጻፈው? መቼ?» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዴ መልሱን ለማግኘት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ አለቆች አይወዱትም።

ድራማውን በአሮጌው ቃል እንደገና ጻፍኩት። ሁለት ሴቶች ፋኖስ ይዘው በሐይቁ ዳር እየተጣሩ ይፈልጋሉ። ሌላ ብዙ ነገር የለውም። አሶ ወጣች።

ሳጥኑ አሁን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ ያስቀምጡበታል። ልክ ሆኖለታል።